ከኮረሪማው ቅጠል ሥር

ጥር 20፣ ከምሳ በኋላ

የልጄ ሚስት ፍረወይኒ ሸረሪቶቼን በፈላ ውኃ ጨረሰቻቸው። እኔ በሌለሁበት። የቀኝ ዓይኔን ሞራ ተገፍፌ ዓይደር ሰፈር እህቴ ቤት ተኝቼ ነበር። ያን ጊዜ ጠብቃ አደረገችው።

ዛሬ ጠዋት ተመለስኩ። ባጃጁ እስከ በር አደረሰኝ። ቀጥታ ወደ ክፍሌ። እንደ ልማዴ እጄን በሸረሪቶቹ የመስተዋት ሣጥን ላይ አኖርኩ። መስተዋቱ ደረቅ ነው። ጠል የለበትም። ክዳኑን አነሣሁ። የዳቦ ሽታ። አፈር የለ፣ ቅጠል የለ። ድፎ ዳቦ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ጠራኋት። መጣች። የታሉ አልኩ። አልዋሸችም፤ ይህን እጽፍላታለሁ። ውኃ አፍልታ ደፋችባቸው። አፈሩን ከአጥሩ ውጭ ጣለች። ሣጥኑን በሳሙና አጠበች። ምክንያቷ ሉላ ናት፣ የልጅ ልጄ። አንገቷ ላይ ውኃ የቋጠረ ነገር ወጥቶባታል። የፍረወይኒ እናት አደይ ለተኺዳን መጥተው አዩ። ሸረሪት ሸንታባት ነው አሉ። አለቀ። ሌላ ምስክር አላስፈለገም። ሰው በግ ያረባል፣ ዶሮ ያረባል፣ የኔ አማች ሸረሪት ያረባል ብለውም ሄደዋል አሉ።

ዳቦሽን ከነሣጥኑ ይዘሽ ውጪ አልኳት። ወጣች።

የቀኝ ዓይኔ ገና ተሸፍኗል። ግራው ድሮም ጭላንጭል ነው። ይህን የምጽፈው በወፍራም ማርከር ነው፤ በአንድ ገጽ ጥቂት መስመር ብቻ ይገባል። ደብተሬ፣ ገጽህን ስለፈጀሁ አትቆጣ።

ጥር 21፣ ጠዋት 2 ሰ.

ተነሣሁ። እጄ በልማድ የውኃ መርጫውን ያዘ። የሚረጭ ነገር የለም። መልሼ አስቀመጥኩት።

ስለ ሸረሪቷ አንድ ጊዜ በትክክል ልንገርህ፤ ከእንግዲህ የሚያያት የለምና። ስሟን አላውቅም። ባገኘሁት መጽሐፍ ሁሉ ፈለግሁ፣ የለችም። ከጤፍ ትተልቃለች፣ ከምስር ታንሳለች። መልኳ ማር ነው። እግሮቿ ብርሃን ያሳልፋሉ። የምትኖረው ከፋ ጫካ ውስጥ፣ ፀሐይ መሬት በማትነካበት፣ ከኮረሪማ ቅጠል ሥር ነው። ድሯ እንደሌሎቹ ክብ አይደለም። የተዝረከረከ ጥቂት ክር ነው፤ ሰው ቢያየው ቆሻሻ ይለዋል። ዝናቡ ቅጠሉን ከላይ ይደበድበዋል፣ እሷ ከሥር አንድ ጠብታ አይነካትም። ርጥበቱ ግን ሕይወቷ ነው። አየሩ ከደረቀባት ውላ አታድርም።

ስለዚህ ከሣጥኑ ወጥታ፣ ግቢውን አቋርጣ፣ ሉላ አንገት ላይ ልትሸና አትችልም። የክፍሌን ደጃፍ ሳታልፍ ትሞታለች። ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም።

እዚያ አገር ግሬደር ነጂ ነበርኩ። ዝናብ ሲጥል ማሽኑ ይቆማል። ሌሎቹ ካርታ ይጫወታሉ። ካርታ አልወድም። ቅጠል እየገለበጥኩ ማየት ጀመርኩ። በዚያው ቀረሁ። ማንበብንም ያለ አስተማሪ ነው የተማርኩት፣ ይህንንም። ባለቤቴን ወርቅነሽን ያገኘሁት እዚያው ነው፤ የከፋ ሰው። ቤታችን አማርኛ ነበር የምንናገረው። የእሷም አልነበረም፣ የእኔም አልነበረም፤ የሁለታችን ሆነ። ጡረታ ስወጣ ወደ መቐለ መጣን። ኮረሪማውን ከነአፈሩ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ፣ አውቶቡስ ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ያመጣችው እሷ ናት። ሸረሪቶቹ አብረው መጡ። እሷ ዐረፈች። እነሱ ወለዱ፣ ልጆቻቸውም ወለዱ። መንገዱ ሁሉ በተዘጋበት፣ መብራትና ውኃ በጠፋበት ጊዜ እንኳ ከምጠጣው ቀንሼ ረጭቼላቸዋለሁ።

በሳሙና ታጠበ።

ጥር 22፣ አመሻሽ

ፍረወይኒ ምሳ አምጥታ በሩ ላይ አስቀመጠች። አልነካሁም። ጥግ ካለችው ቤት ሄጄ ፉል በላሁ። ቃርያው ያቃጥላል።

ሓጎስ ከመ/ቤት ሲመለስ ወደ እኔ ገባ። ልጄ ነው፤ ጠብ አይወድም፣ ከልጅነቱ ጀምሮ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና በወሬ ዙሪያውን ሲዞር ቆየ። መጨረሻ ላይ አወጣው።

«አቦይ፣ ሸረሪት ከሸረሪት ምን ልዩነት አለው? ከሽንት ቤቱ ጀርባ ሞልቷል። በጣሳ ልሰብስብልዎት?»

አንተም ከጎረቤት ልጅ ልዩነት አልነበረህም፣ እናትህ ግን አልለውጥም አለች፣ አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሚስትህን እስክትሞት አላናግራትም አልኩት። እስክሞት ለማለት ነበር። አላረምኩትም።

ጥር 24፣ ረፋድ

ሉላ ጤና ጣቢያ ተወሰደች። ጉድፍ ነው ተባለ። ክፍላቸው ውስጥ ግማሹ ልጅ ቀርቷል፤ ሁሉም ጉድፍ። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ በበሩ ስንጥቅ። እንዳትገባ ተከልክላለች።

«አቦሓጎ፣ ሸረሪቷ አይደለችም። ዮናስም አለበት። ዮናስ ቤት ደግሞ ሸረሪት የለም።»

ዐውቃለሁ፣ አትከኪው አልኳት።

ፍረወይኒ ግቢ ውስጥ ጥልፏን ይዛ ተቀምጣለች። ሥራዋ ነው፤ የሙሽራ ቀሚስ ትጠልፋለች። ክሩ ከጨርቁ ሲወጣ ድምፅ አለው፤ ዓይኔ ከደከመ ወዲህ እሰማዋለሁ። ሉላ ስትናገር ድምፁ ቆመ። ትነሣ እንደሆነ ጠበቅሁ። አልተነሣችም። ብትመጣም አልከፍትላትም ነበር።

ግን አልመጣችም። ክሩ እንደገና ቀጠለ።

ጥር 26፣ ከቀኑ 5 ሰ.

ማርከሩ ሁለት ጊዜ ከእጄ ወደቀ። ጠብቀኝ።

ከግቢያችን ማዶ ክፍል ተከራይታ የምትኖር ልጅ አለች፤ ሀና። የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች። ዛሬ ዕረፍቷ ነው። ጎራ አለችና፣ አባባ ኮረሪማ መቼ ነው የሚያፈራው ብላ ጠየቀችኝ። የቱ ኮረሪማ አልኩ። ፍረወይኒ የሰጠችኝ አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍረወይኒ ውኃውን ከመድፋቷ በፊት አንዱን ቀንበጥ ነቅላ አውጥታዋለች። ኮረሪማ ውድ ነው፤ መጣሉ አሳዘናት። በወተት ጣሳ ተክላ ለሀና ሰጠች። ሸረሪት ትገድላለች፣ ቅመም ግን አትጥልም።

ምርኩዜን ይዤ ተከተልኳት። ጣሳው ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ ጎን፣ ጥላ ውስጥ ተቀምጧል። በዳሰስኩት ጊዜ አፈሩ እርጥብ ነው። ልብስ ስታጥብ ይረጭበታል። ቅጠሉን ገልብጠሽ እዪልኝ አልኳት። ቀስ ብለሽ። አትተንፍሺበት።

«ኧረ አባባ፣ ሕፃን ነው እንዴ የተኛው!»

ከዚያ ቅጠሉን በሁለት ጣቷ ገለበጠች።

«አንዲት ነገር አለች። ምስር እንኳ አታክልም። ነጭ ኳስ ታቅፋለች።»

ወንበር አምጪልኝ አልኳት። ተቀመጥኩ።

ኳሱ እንቁላሏ ነው። የቀረችው አንዷ እናት ናት። እንቁላል ካቀፈች እስኪፈለፈል እህል አትቀምስም፣ ቦታዋንም አትለቅም። ለዚህ ነው ሲነቀልም ሲተከልም ያልሸሸችው።

ሀና አልሰጥም አለች። የተሰጠ ይመለሳል እንዴ፣ ለበርበሬዬ ብዬ ስንከባከበው አለችኝ። መቐለ ላይ አያፈራም፣ አንቺ አርጅተሽም አያፈራም አልኳት። አባባ እንዲህ ነው እንዴ ሰው የሚያባብሉት ብላ ሳቀችብኝ። ግድግዳዬ ላይ በክር የተሰካ የደረቀ ኮረሪማ ነበረኝ፤ ወርቅነሽ የሰካችው። እንዳለ ሰጠኋት። ጣሳውን ወሰድኩ።

ጥር 27፣ ጠዋት 3 ሰ.

ጣሳው እኔ ዘንድ ነው። ሣጥኑ ከእነሱ ጋር ነው፣ ዳቦ አለበት። አልጠይቅም። ባልዲ ደፋሁበት፣ አየሩ እንዳይደርቅ።

ችግሩ መርጨቱ ነው። ጠብታው ትልቅ ከሆነ ይይዛታል፤ አንድ ጠብታ ለእሷ ኩሬ ነው። ድሮ እያየሁ ነበር የምረጨው። ዛሬ ከሩቅ ረጨሁ፣ ቅጠሉ ጋ አልደረሰም። ቀርቤ ረጨሁ፣ በዛ፤ ሲንጠባጠብ ሰማሁት። በጣቴ ልጠርገው አልኩና እጄን ሰበሰብኩ። ብጨፈልቃትስ? እኔው፣ በገዛ ጣቴ።

መነጽር የሚለካልኝ ዓይኔ ሲረጋ ነው ተብሏል። ያኔ ምን ያደርግልኛል።

ባልዲውን መልሼ ደፋሁት። አለች ወይስ የለችም፣ አላውቅም።

ጥር 28፣ ረፋድ

ፍረወይኒ ሳታንኳኳ ገባች። ሣጥኑን ተሸክማለች። ዳቦው የለበትም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ደጋግማ በንጹሕ ውኃ እንዳለቀለቀችው፣ ሳሙና እንደማይሸት ተናገረች፤ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው። የውኃ ፈረቃችን ገና አልደረሰም። ከየት አምጥታ እንዳለቀለቀችው አልጠየቅሁም። ከጎረቤት ጀሪካን ተውሳ እንደሆነ ሀና በኋላ ነገረችኝ፤ ስለ ሸረሪቷም የነገረቻት ሀና ናት።

ጣሳውን ወደ ሣጥኑ አስገባች። መርጫውን ከእጄ ወሰደች። ወሰደች ነው የምልህ፤ አልሰጠኋትም። መስተዋቱን ረጨች፣ ቅጠሉን አልነካችም።

ትክክል ነው። አላልኳትም።

የካቲት 1፣ ጠዋት 2 ሰ.

በየጠዋቱ ትመጣለች። ሰላም አትለኝም፤ ብትለኝ እንደማልመልስ ታውቃለች። ሰላም የምትለው ሸረሪቷን ነው። ስልኳን አብርታ ከሥር አጎንብሳ ታያለች።

«እንዴት አደርሽ? ደህና ነሽ? አሁንም አቅፈሻል? ምነው እህል አትቀምሺም፣ ጾም ነው እንዴ?»

እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ አልጋዬን አነጥፋለሁ። አንድ ቃል አያመልጠኝም። ዛሬ፣ ኳስሽ ወደ ቢጫ ሄዷል አለቻት። ጥሩ ነው። በጊዜው ነው።

ሓጎስ በሩ ላይ ቆሞ ሰማት። ይህ ቤት አብዷል ብሎ ወደ ሥራው ሄደ።

የካቲት 3፣ ጠዋት

ዛሬ ሸረሪቷን፣ ልጆችሽ ሲወጡ ምን ይበላሉ ብላ ጠየቀቻት። ትንኝ ነው፤ ከበሰበሰ ሙዝ የሚፈላው፣ ዓይን የማይሞላው። ለዚሁ ሁልጊዜ ሙዝ አበሰብሳለሁ፤ ሽታውን ቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። ያ ሽማግሌ ሙዙን የት እንደሚደብቅ ታውቂያለሽ ወይ አለቻት።

አልጋ ሥር ነው አልኩ። ለሸረሪቷ።

ከአልጋዬ ሥር ጎትታ አወጣችው። አፍንጫዋን ይዛ ወጣች። ምሳ በሩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። ሽሮ ነው። ከሽሮው ትንሽ ቀመስኩ። ጨው ያንሰዋል።

የካቲት 6፣ ጠዋት 1፡30

ዛሬ ሸረሪቷን ሰላም አላለቻትም።

መብራቱን አብርታ ጎነበሰች። ቆየች። ተነሥታ ከሌላ ወገን ጎነበሰች። አልጋውን ማንጠፍ አቆምኩ። መጠበቅ አልቻልኩም።

የታለች? አልኳት።

ውጪ ካልኳት ወዲህ ፊት ለፊት የነገርኳት የመጀመሪያ ቃል ነው። ወደ እኔ ዞረች መሰለኝ። እናቲቱ ጣሳው ውስጥ አፈሩ ላይ ወድቃለች፣ እግሯ ተሰብስቧል አለችኝ። ኳሱ ብቻውን ተንጠልጥሏል።

እግሯ ከተሰበሰበ ሞታለች። ጉዞው፣ ደረቁ አየር፣ ረኀቡ። ይሆናል ብዬ ነበር።

የከፋው ይህ አይደለም። ልጆቹ ኳሱን ራሳቸው ቀደው አይወጡም። አፋቸው ገና ነው፤ ድሩ ጥብቅ ነው። የምትቀድላቸው እናት ናት። ቀኑን እሷ ታውቃለች። በቀደደችበት ይወጣሉ፣ ካልቀደደች እዚያው ውስጥ ያልቃሉ። ጫካ ውስጥ እናት የሞተችበትን ኳስ አይቻለሁ። ስከፍተው ውስጡ ትቢያ ነበር።

ይህን ሁሉ ነገርኳት። ረጅም ተናገርኩ። ሲያልቅብኝ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። እኔ አላይም አልኳት። ያልኩት ይህን ብቻ ነው።

በምን ነው የሚቀደደው አለችኝ።

በቀጭን ነገር።

ወጥታ ተመለሰች። አንድ ነገር መዳፌ ላይ አኖረች። የጥልፍ መርፌ ነው። ለቀሚሱ አንገት የምትጠቀምበት፣ ትንሹ።

የካቲት 7፣ ጠዋት

ቀኑን መምረጥ አለብን። ቀድመን ከቀደድነው ገና ነጭ ናቸው፣ አየር ይገድላቸዋል። ከዘገየን በውስጥ ያልቃሉ። ምልክቱ መልካቸው ነው፤ በድሩ ውስጥ ነጥብ ነጥብ እያለ ሲጠቁር። ምን ታያለሽ እላታለሁ። ገና ነው ትላለች። እርግጠኛ ነሽ? ነኝ አቦይ። እንደገና እዪ። አቦይ፣ ከማለዳ ጀምሮ ስንት ጊዜ አየሁ!

እንደገና እዪ አልኳት። አየች።

የካቲት 8፣ ጠዋት

አደይ ለተኺዳን ሉላን ሊጠይቁ መጡ። ጉድፉ እየደረቀላት ነው። ልጃቸው ክፍሌ ውስጥ ጎንበስ ብላ አገኟት። አንቺ ደግሞ አሟረተብሽ እንዴ፣ ውጪ ከዚያ አሏት። እኔ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ከባድ። ፍረወይኒ ቀደመችኝ። ቀና ሳትል፣ አደይ መብራቱን ከልለሽብኛልና ፈቀቅ በይ አለቻቸው።

ፈቀቅ አሉ። መልሴን ዋጥኩት።

የካቲት 9፣ ረፋድ 4 ሰ.

ጠቁሯል አለችኝ። ሰናፍጭ የተነሰነሰበት ይመስላል አለች። ያ ነው አልኩ። ዛሬ ነው።

እጇን አስታጠብኳት። መርፌውን በፈላ ውኃ ነክራ አበረደችው። ከሥር፣ ኳሱ ከክሩ ከሚገናኝበት ትንሽ ዝቅ ብለሽ አልኳት። አትውጊ። ጫፉን አስገብተሽ ወደ ላይ አንሺ፣ ስፌት እንደምትፈቺ። አንድ ክር፣ ከዚያ አንድ ክር።

እጅሽ ይንቀጠቀጣል? አልኳት። አይንቀጠቀጥም አለች። የእኔን ከሣጥኑ አርቄ ከኋላዬ ያዝኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በጆሮዬ ነው የማውቀው። ትንፋሿ ቆመ። አንድ ክር አለች። ሌላ ክር። ሓጎስ በሩ ላይ ነበር፤ ሊናገር አፉን ሲከፍት እጄን አነሣሁበት። ተወው። ረጅም ጊዜ ምንም የለም። ዘገየን ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ትቢያ ነው። ወርቅነሽ ከከፋ ያነሣችው ነገር እዚህ ክፍል ውስጥ አለቀ። ለመቀበል ተዘጋጀሁ።

ፍረወይኒ ጮኸች።

«አቦይ! እግር አላቸው!»

ስንት ናቸው አልኩ። አይቆጠሩም፣ ይሯሯጣሉ አለች። ወዴት? ወደ ቅጠሉ፣ ከሥሩ። አንዱ መርፌው ላይ ወጥቷል፣ ምን ላድርገው አቦይ፣ ምን ላድርገው! ቅጠሉ ላይ አኑሪውና ዝም በይ አልኳት። አኖረችው። ዝም ግን አላለችም። ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፤ የትኛው እንደሆነ በጆሮ አይለይም።

ሓጎስ ገብቶ አየና፣ እነዚህ ናቸው እንዴ አለ። እነዚህ ናቸው አልኩት።

የካቲት 10፣ ከሰዓት በኋላ

ቅጠሉ ሥር ናቸው። ጠዋት አየቻቸው፣ ቀትር ላይ አየቻቸው። ተሰባስበው ተቀምጠዋል። ክር መዘርጋት የጀመረ አለ። ከትናንት ወዲህ የሞተ የለም።

መርጨት ከጨረሰች በኋላ አልወጣችም። በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ቀሚሷን ስታስተካክል ሰማሁ። ነገሩ ገባኝ።

አቦይ አለች። ያን ቀን ውኃውን ሳፈላ... አለች።

ይኣክል አልኳት። በቃ።

አይ አቦይ፣ ልናገረው፣ ከብዶኛል አለች። እጄን አነሣሁ። ቁጣ አልነበረብኝም፤ ይህን ያዝልኝ። ይቅርም አላልኳት። አላልኩም። እንዲያው አንዴ ከተጀመረ እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ የማልፈልገውን እናገራለሁ፣ ከዚያ በየዓመት በዓሉ በየእንግዳው ፊት የሚወራ ይሆናል። ሓጎስ እየሳቀ ያወራዋል። እናቷም እንዲሁ። ሉላ አድጋ ታወራዋለች። የእነዚያ ሸረሪቶች ሞት የሰው ቤት ጨዋታ አይሆንም። የእሷም እጅ በዚያ ውኃ ብቻ አይታወስም፤ መርፌ የያዘው ይኸው እጅ ነው።

ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። የነገርኳት አጭር ነው። ይህ ነገር በዚህ ቤት አይነሣም። አንቺ አታነሺውም፣ ባልሽም አያነሣውም። እኔ ለእናትሽ፣ ለንስሐ አባቴ፣ ለማንም አላነሣውም፤ ስሞትም አላነሣውም።

ተነሣች። እራትዎን እዚህ ላምጣ ወይስ ከእኛ ጋር ይበላሉ አለችኝ። እመጣለሁ አልኳት። ጨው ጨምሪበት።

አንተም ከዛሬ በኋላ ስለዚያ ከእኔ አንድ ቃል አታገኝም።